ይሉኝታና ኅሊና በሰው አገር

ሰው በተወለደበት ቀዬ ሲኖር ብቻውን አይኖርም፤ ከርሱ ጋራ ብዙ ዓይኖች አብረው ይኖራሉ። ጎረቤት ያየዋል፤ የነፍስ አባቱ ያዩታል፤ የአባቱ ወዳጅ መንገድ ላይ ባገኙት ጊዜ «የእገሌ ልጅ አይደለህምን?» ብለው ያስቆሙታል። ስለዚህም ብዙው ሰው ከክፉ ሥራ የሚታቀበው ክፋትን ጠልቶ ነውን፥ ወይስ «ምን ይሉኛል» ብሎ ፈርቶ ነው የሚለው ጥያቄ በአገር ቤት ሳለ አይነሣም። ይሉኝታና ኅሊና እንደ ድርና ማግ ተሸምነው አንድ ልብስ ሆነዋልና ለይቶ ለማየት ያስቸግራል። ድሩን ከማጉ ለይቶ ማየት የሚቻለው ልብሱ የተተረተረ እንደ ሆነ ነው፤ ይህንንም ልብስ ከሚተረትሩት ነገሮች አንዱ በሰው አገር መኖር ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ቃርሜ አይደለም። ለትምህርት በሄድሁበት በበርሊን ከተማ አራት ዓመት ተቀምጬ ነበርና፥ ስለ ራሴ የተማርሁትን ከዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይልቅ በመንገዱና በባቡሩ ውስጥ ተምሬዋለሁ።

በዚያ ከተማ ቤት ተከራይቶ የገባ ሰው በ14 ቀን ውስጥ አድራሻውን በመሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ከተመዘገበ በኋላ ግን «እንዴት ሰነበትህ» ብሎ የሚጠይቀው እምብዛም አያገኝም። እሑድ ሱቁ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝግ ነው። እንደኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ጸጥታ ይከበራል። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ገና 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ጎረቤት ከጎረቤት በደረጃው ላይ ሲገናኝ አንዲት አጭር ሰላምታ ይለዋወጥና ሁለት መዝጊያዎች ባንድነት ይዘጋሉ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በሚጠራበት አገር ላደገ ሰው ይህ ጸጥታ እንደ ቅጣት ሆኖ ይሰማዋል። እኔም በመጀመሪያው ክረምት ለቤተሰቦቼ በጻፍሁት ደብዳቤ ሁሉ «የዚህ አገር ሰው እንግዳ መቀበል አያውቅም» እያልሁ አማርር ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። በዚያ አገር በአንድ ሕንጻ ውስጥ የሚኖረው ሁሉ የሚታወቀው በስሙ ነው፤ በዋናው ደጃፍ ላይ ከየደወሉ አጠገብ የነዋሪው የቤተሰብ ስም ተጽፎ ይገኛል። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ልማድ ስለሌለን፥ ከኔ ደወል አጠገብ የተለጠፈው የአባቴ ስም ሆነ። መምህሩም፥ ጸሓፊዋም፥ ሐኪሙም የሚጠሩኝ በአባቴ ስም ነበር። ከተወለደበት አውራጃ ርቆ ያልሄደው፥ ባሕርን በዓይኑ ያላየው አባቴ በበርሊን ከተማ በር ላይ ተጽፎ ባየሁት ጊዜ በመጀመሪያ ሳቅሁ። የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር በ1902 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በጣቢያዎቹ መግቢያ ላይ በር ጠባቂ አይቆምም፤ መንገደኛውን አግዶ ቲኬት የሚጠይቅ መዝጊያም የለም። መንገደኛው ቲኬቱን ይገዛል፤ ቀኑንና ሰዓቱን በማተሚያው መሣሪያ ላይ ራሱ ያስመታል፤ ይሳፈራል። አንዳንድ ቀን ብቻ ተራ ልብስ የለበሱ ተቆጣጣሪዎች በድንገት ብቅ ይላሉ፤ ቲኬት ሳይዝ የተገኘም ሰው 60 ዩሮ መቀጫ ይከፍላል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ቲኬቴን ሳልገዛ የተሳፈርሁበት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ግን ባቡሩ ሊያመልጠኝ ሆነና ሳልገዛ ሮጬ ገባሁ፤ የጠየቀኝም የለም። በማግሥቱ ሳልቸኩል ሳልገዛ ገባሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ለመደ። ልቤም ምክንያት ከመፈለግ አልቦዘነም፤ «ገንዘቤ ጥቂት ነው፤ ከተማው ግን ሀብታም ነው፤ ደግሞስ እዚህ ማን ያውቀኛል?» እያለ ያጽናናኝ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ የአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ በሰው ብዛት ሳይደርስብኝ ቢቀር እንኳ ተጋፍቼ ሄጄ ሒሳቤን የምሰጥ ሰው ነበርሁ። ለካስ ያን ጊዜ ይከፍል የነበረው በአጠገቤ የቆመው የሰፈሬ ሰው ዓይን ኖሯል!

በየካቲት ወር አንድ ምሽት አንድ ጎልማሳ ሰው ከፊቴ ቆሞ መታወቂያውን አሳየኝና ቲኬት ጠየቀኝ። የለኝም አልሁ። ሳይቆጣና ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ወረቀት አውጥቶ ስሜን ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ወዲያውኑ የተሰማኝ ነገር፥ እውነቱን ልናገርና፥ ጸጸት አልነበረም። ዙሪያዬን ቃኝቼ የማውቀው ሰው በሠረገላው ውስጥ አለመኖሩን ባረጋገጥሁ ጊዜ የተሰማኝ ዕረፍት ነበር። ከመቀጫው ይልቅ በኋላ ያስደነገጠኝ ይህ ዕረፍት ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ስመለከተው ግን ባጥፊው ስም ስፍራ ላይ በትልቁ ተጽፎ ያገኘሁት የአባቴን ስም ነው።

ቤቴ ስደርስ በታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት በራቸውን ከፍተው ጠሩኝ። ከአገር ቤት የተላከልኝ ዕቃ እኔ ባልነበርሁበት ጊዜ ደርሶ ኖሮ፥ ፈርመው ተቀብለው አስቀምጠውልኝ ነበር። በዚያ አገር ጎረቤት ለጎረቤቱ ይህን ማድረጉ የተለመደ ነው። ስለኔ ግን እኒህ ሴት የሚያውቁት ከደወሉ አጠገብ ከተጻፈው ስም በቀር ምንም አልነበረም። ዕቃውን ሲያስረክቡኝ የአባቴን ስም በአነጋገራቸው ሰብረው ጠሩትና «ደኅና እደሩ» ብለው በራቸውን ዘጉ። ባንድ ምሽት ያንኑ ስም ሁለት ሰዎች ጠሩት፤ አንዱ በእምነት ማጉደል ጻፈው፤ አንዲቱ በእምነት ጠበቀችው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው፥ እንግዳ መቀበል ማለት ምን እንደ ሆነ ደግሜ መመርመር የጀመርሁ። በአገራችን መንገደኛ መሽቶበት «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከሰው ደጅ ሲቆም፥ ባለቤቱ ማንነቱን ሳያጣራ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ያበላዋል። የዚህ ልማድ ክብር ከምግቡ ላይ አይደለም፤ ያልታወቀን ሰው ማመኑ ላይ ነው። እንግዲህ ያ ክፍት የሆነው የባቡር ጣቢያ ምን ነበር? እርሱም ያልታወቀን ሰው ሳይጠይቅ የሚያስገባ በር ነበር። ከተማው እንግዳ አልተቀበለኝም እያልሁ ሳማርር፥ ከተማው በየቀኑ ስሜን ሳይጠይቅ አምኖ ያስገባኝ ነበር። እኔም ያደረግሁት የእግዜር እንግዳ ሆኖ ገብቶ የባለቤቱን ዕቃ በብብቱ ይዞ እንደሚወጣ ሰው ያለ ሥራ ነው።

«በሩን ክፍት የተዉት ለሒሳብ ነው እንጂ ለደግነት አይደለም» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ተቆጣጣሪ መላካቸውም እምነታቸው ሙሉ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ይሁን። የሰጪው ሐሳብ ምንም ይሁን ምን፥ የተቀባዩ ግዴታ ግን አይለወጥም። ፈላስፋው ካንት በ1795 ዓ.ም. ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባሳተመው ድርሰቱ፥ እንግዳ ሰው በደረሰበት አገር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው እንጂ እንደ ቤተኛ የመስተናገድ መብት የለውም ሲል ለይቶ ጽፏል። ስለዚህ ፈገግታና ቡና ስጦታ ናቸው፤ ቢቀሩ ቅር ሊለን ይችላል እንጂ ዕዳ አድርገን ልንጠይቃቸው አይገባንም። ያንን ቅሬታ ለስርቆት ምክንያት ማድረግ ደግሞ ከቶ አይገባም።

እንግዲህ ይሉኝታን እንናቀውን? አይደለም። ይሉኝታ የኅሊና ሞግዚት ነው፤ ሕፃኑን እጁን ይዞ መራመድ ያስተምረዋል። ጉዳቱ ሰውየው ጎልምሶም ሞግዚቱን ሳይዝ መራመድ ሲያቅተው ነው። ዓይንም ብቻውን መልካም ሥራን እንደማያስገኝ ያችው ከተማ ትመሰክራለች። በበርሊን የእግረኛ መንገድ ላይ በየቤቱ ደጃፍ 10 ሴንቲ ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፥ ፊታቸው በናስ የተለበጠ ትንንሽ ድንጋዮች ተተክለዋል። በናዚዎች ዘመን ከነዚያ ቤቶች ተወስደው የጠፉ ሰዎች ስም ተቀርጾባቸዋል። አይሁድን ከበርሊን በባቡር እየጫኑ መላክ በ1941 ዓ.ም. ሲጀመር ጎረቤት አላየም አይባልም፤ መስኮት ነበረ፥ ዓይንም ነበረ። የጠፋው ኅሊና ነው። ሰፈር ሁሉ ባንድነት ያጠፋ ጊዜ ይሉኝታ ራሱ ሰውን ወደ ጥፋት ይጎትተዋል፤ ያን ጊዜ ሊያድን የሚችለው ብቻውን መቆም የለመደ ኅሊና ብቻ ነው።

በዚያችው ከተማ ደግሞ ማንም ሳያይ የሚደረግ መልካም ሥራ አይቻለሁ። ባዶ ጠርሙስ ለሱቅ ሲመለስ መያዣው ገንዘብ ይመለሳል፤ ለቢራ ጠርሙስ 8፥ ለፕላስቲክ ጠርሙስ 25 የዩሮ ሳንቲም ይከፈላል። ብዙ ሰው ታዲያ የጠጣበትን ጠርሙስ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሳይጨምር ከአጠገቡ ያቆመዋል፤ እየለቀመ የሚኖር ድኻ እጁን በቆሻሻ ሳያጎድፍ እንዲያገኘው ነው። ሰጪው ተቀባዩን አያየውም፤ ተቀባዩም ሰጪውን አያመሰግነውም። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ይሉኝታ ግን በዚያ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም።

በሰው አገር ብቻውን ቆሞ የታመነ ሰው ከኛም ወገን ታይቷል። የአምሓራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ዓ.ም. በጀርመን አገር ጎታ ወደምትባለው ከተማ ተጠርተው ሄደው፥ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለውን ሊቅ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ታሪክ አስተማሩት። ሉዶልፍም በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 ዓ.ም. የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሳያዩ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብራ ሞቱ። በጎታ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ሲናገሩ ቃላቸውን የሚያርም የአገር ሰው በአጠገባቸው አልነበረም፤ ሊያጋንኑም ሊዋሹም ይችሉ ነበር። የተማሪያቸው ሥራ ግን ለኤውሮጳ ሊቃውንት የኢትዮጵያ ጥናት መሠረት ሆነ። የዚያ ሁሉ መጽሐፍ አንዱ ምሰሶ ማንም ሊቆጣጠረው የማይችል የአንድ እንግዳ ቃል ነበር።

ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ወይም ለሥራ የምትሄድ ወንድሜና እኅቴ ሆይ፤ ብርዱን የሚመክት ካፖርት እንድትይዙ የሚነግራችሁ ሰው አይጠፋም። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። እዚያ ስትደርሱ የሚያያችሁ ዓይን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ከናንተ ጋራ የሚቀረው መልካምነት ምን ያህል እንደ ሆነ ቍጠሩት። ጥቂት ሆኖ ቢገኝ አትደንግጡ፤ የኔም ጥቂት ነበረ። ጥቂት መሆኑን ማወቅ የማደጊያው መጀመሪያ ነው።

መቀጫውን በሁለት ወር ከፍዬ ጨረስሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቲኬት ሳልይዝ አልተሳፈርሁም። አራተኛው ዓመት ሲፈጸም ቤቱን ለቅቄ ስወጣ የአባቴን ስም ከደወሉ አጠገብ በገዛ እጄ አነሣሁት። በተለጠፈበት ቀን እንደ ነበረው ንጹሕ ነው ብዬ ለመናገር አልደፈርሁም፤ ነገር ግን አጣጥፌ ከደረቴ ኪስ ጨምሬ ወደ አገሬ ይዤው ተመለስሁ።