ምሕረቱን የኃጢአት ዋስ አታድርጉት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የደብረ ታቦር ሰዎች፣ የፋርጣና የእስቴ፣ የጋይንትና የስማዳ፣ የእብናትና የሊቦ፣ የፎገራና የደራ ልጆች፣ በያላችሁበት ስሙ። ይህ ቃል ጆሮ የሚያስደስት ቃል አይደለም። እናንተን ማስደሰት የሚፈልግ ሞልቷል፤ የሚገሥጻችሁ ግን አንሷል። የምናገረው ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ነው። ተግሣጼ ስለ ፍቅር መሆኑ አይግረማችሁ፤ ቍጣውን ብንፈራ ኖሮ እንዲህ በኃጢአት ባልደፈርን ነበር። የደፈርነው ፍቅሩን ተማምነን ነው።

ከተማችሁ የተጠራችው ጌታ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት በታቦር ተራራ ስም ነው። በየዓመቱ በቡሄ፣ በነሐሴ 13 ዋዜማ፣ ችቦ ይለኮሳል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሙልሙል ይጋገራል፤ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። በዓሉ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነውና የሚዘምረው አፍ የጾመ አፍ ነው። ወደ ጋይንት ወጣ ሲባል በቤተልሔም ድጓ ይመሰከራል፤ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት ይመሰከራል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ቁራሽ ለምኖ ቃለ እግዚአብሔር የሚማርበት ሀገር ነው። ይህን ሁሉ የተቀበለ ሕዝብ በፍርድ ቀን ቆሞ «አላወቅሁም ነበር» ሊል አይችልም።

ታቦር ላይ ከወጡት ከሦስቱ ሐዋርያት አንዱ ጴጥሮስ ነበር። ሦስት ዳስ እንሥራ ብሎ የለመነው እርሱ ነው። ብርሃኑን በዓይኑ አየ፤ የአብን ድምፅ በጆሮው ሰማ። ያው ሰው በሐሙስ ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ ጌታውን አላውቀውም አለ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ንጉሥ አላስጨነቀውም፤ ሰይፍ አንገቱ ላይ አልተጋደመም፤ መጀመሪያ የጠየቀችው አንዲት ገረድ ናት። በተራራው ላይ ልኑር ያለ ሰው በገረድ ጥያቄ ወደቀ። እንግዲህ ታቦር መውጣት ብቻውን አያድንም። በታቦር ስም መጠራትም አያድንም።

ጌታ ግን ምን አደረገው? ዘወር ብሎ አየው። ጴጥሮስም ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ የጠበቀው ያው የተካደው ጌታ ነው። ለምን ካድኸኝ ብሎ አልመረመረውም፤ ትወደኛለህን ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ይሁዳም በዚያው ሌሊት ከድቷል፤ ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ሠላሳውን ብር እንኳ መልሷል። ያልመለሰው ራሱን ነው። የምሕረቱ በር ለሁለቱም እኩል ተከፍቶ ነበር፤ አንዱ ገባ፣ ሌላው በገመድ ጠፋ። እግዚአብሔር ሰውን ያለ ልክ ይወዳል፤ በግድ ግን ማንንም አይመልስም።

ከዚያ አስቀድሞ ነቢዩ ሆሴዕን አስቡ። ሚስቱ ጎሜር ትታው ሄደች፣ ከወዳጆቿ ጋር ዋለች፣ ተዋረደች። እግዚአብሔርም ሂድና እንደገና ውደዳት አለው። ነቢዩ በ15 ብርና በአንድ ቆሮስ ተኩል ገብስ ዋጅቶ ወደ ቤቱ አመጣት። የጉና ገበሬ ሆይ፣ የገብስን ዋጋ ካንተ የሚያውቅ የለም። ውርጭ እየመታህ፣ በረዶ እያጋደመብህ፣ በደጋ መሬት ላይ ያንን እህል እንዴት እንደምታወጣው ታውቃለህ። ሰው የገዛ ሚስቱን፣ የከዳችውን፣ ጎተራውን ገልብጦ ሲገዛት አስብ። ጎረቤት ሁሉ የሳቀበት ይመስለኛል። እግዚአብሔር ለእኛ ያደረገው ይህን ነው፤ የከፈለው ግን ገብስ አይደለም፣ የልጁ ደም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ይህ ሀገር ስንት ጊዜ ከሞት አፋፍ እንደተመለሰ ታውቃላችሁ። በ1859 ዓ.ም. የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ እሳቱን የለኮሰው ከውጭ የመጣ ጠላት አልነበረም፤ በስመ ሥላሴ የተጠመቀ ንጉሥ፣ በስመ ሥላሴ በተጠመቀ ሠራዊቱ ነው። በዓመቱ እኒያው ንጉሥ አጤ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርም ተቃጠለች። ከሃያ ዓመት በኋላ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ሥር ማሰ። በ1977 ዓ.ም. በእብናት የእርዳታ ጣቢያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ረኀብተኛ ተኝቶ ነበር፤ እሱም በግድ ተበትኖ ጎጆው ተቃጠለበት። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ቡሄው ባለበት ወር፣ ጦርነቱ ነፋስ መውጫን አልፎ እስከ ጉና ደረሰ፤ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ወድቆ ሰላማዊ ሰው በቤቱ ሞተ።

በዚያ ሁሉ ያለቁት ከእኛ የከፉ ኃጢአተኞች ስለነበሩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር አፉን ይያዝ። እኛ የተረፍነውም ጻድቃን ስለሆንን አይደለም። ዕድሜ የተጨመረልን ለንስሐ ነው።

በተጨመረልን ዕድሜ ምን ሠራን? በመድፉ ድምፅ መካከል የተሳላችሁትን ስእለት አስታውሱ። «ልጄን ካወጣህልኝ፣ ቤቴን ካተረፍህልኝ» ብሎ ያልተንበረከከ ማን አለ? ለቤተ ክርስቲያን ጥላ አገባለሁ፣ መጋረጃ አገባለሁ፣ ጠላ መጥመቁን እተዋለሁ፣ ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ፣ እቆርባለሁ ያለው ብዙ ነው። ልጁም ተረፈ፣ ቤቱም ተረፈ። ጥላው ገብቶ ይሆናል፤ ጥላ ማግባት ቀላል ነው። ወንድምህ ግን ዛሬም በሌላ መንገድ ዞሮ ነው የሚያልፍህ።

የከበደውንም ልናገር። በክልላችን ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ እንደ ንግድ የተያዘ ሥራ ሆኗል። ልጅ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ይወሰዳል፤ እናት ማተቧን ይዛ እያለቀሰች ከዘመድ ዘመድ ብር ትለምናለች፤ አባት በሬውን ይሸጣል። አጋቹ ማተብ አስሯል። በአጋቹ አንገት ያለው ክርና በታጋቹ አንገት ያለው ክር ከአንድ ጥምቀት የመጣ ነው። አጋች ሆይ፣ የበላኸውን ብር ባለቤት እግዚአብሔር ያውቀዋል። መሬት እየገፋህ፣ የድሃ ልጅን የአባቷን ርስት በሐሰት ምስክር እየቀማህ፣ ያንኑ እጅህን ዘርግተህ ጠበል የምትጠጣ ሆይ፣ ጠበሉ ይመሰክርብሃል። በሚዛን የምታጭበረብር፣ በቀን ሥራ የዋለውን ሰው ደመወዝ የምታስቀር፣ ሚስትህን በበትር ያቆሰልህ፣ ትዳርህን ትተህ ከሌላ ያደርህ፣ ራስህን ታውቃለህ።

እናንተም ካህናት ሆይ፣ ከዚህ አትወጡም። የንስሐ ልጃችሁ የሰው ደም በእጁ እንዳለ እያወቃችሁ፣ ስለ ደገሰላችሁ ብቻ ዝም ያላችሁ አላችሁ። ባለጠጋውን በኃጢአቱ ላይ «ይፍታህ» ብላችሁ ሸኝታችሁ፣ ድሃዋን ባልቴት በአንድ ቀን የጾም ጉድለት ያስጨነቃችሁ አላችሁ። የመፍታት ሥልጣን የተሰጣችሁ ለእግዚአብሔር መንጋ ነው፤ ለሆዳችሁ አይደለም። በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ያላችሁም፣ ለደብሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ላክን ብላችሁ አትረፉ። ቆርቆሮ የላከው እጅ በስልክ ወንድምን በወንድም ላይ የሚያነሣሣ ቃል የሚጽፍ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ኃጢአቱን አይሸፍንም።

ይህን ስናገር የምትመልሱልኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ «እግዚአብሔር መሐሪ ነው» ትሉኛላችሁ። አዎን፣ መሐሪ ነው። ይህን የካደ ክርስቲያን አይደለም። እናንተ ግን ምሕረቱን ለኃጢአታችሁ ዋስ አድርጋችሁ ጠራችሁት። ዋስ የሚጠራው በዳዩ እንዳይጠፋ፣ ዕዳውንም እንዲከፍል ነው፤ እናንተ ግን ዋሱን ዳኛው ፊት አቁማችሁ ለሌላ ስርቆት ወጣችሁ። ወጣቱ «ስሸመግል እቆርባለሁ» ይላል፤ ሽምግልናን የሚሰጠው ሰው ይመስል። ጎልማሳው «ልጆቼን ላድርስና» ይላል። ሽማግሌው ደግሞ «እንግዲህ ለእኔ ተዝካሬን ያውጡልኝ» ብሎ ንስሐውን ለልጆቹ ይተዋል። ልጆች ድግስ ሊደግሱልህ ይችላሉ፤ ስለ አንተ ሊጸጸቱልህ ግን አይችሉም።

ምሕረትን መናቅ ከኃጢአት ሁሉ ይከፋል። የማይወድህን ሰው ብትበድል በደል ነው፤ የሚወድህን፣ ስትከዳው የሚጠብቅህን፣ ስትመለስ የማይሰድብህን ብትበድል ግን ክህደት ነው። የእግዚአብሔር ፍቅር እስከ መጨረሻ የማይለወጥ መሆኑ በደላችንን አያቀልልንም። ያከብደዋል እንጂ።

የሁሉም መለኪያ ደግሞ አንድ ነው፤ አንተስ ይቅር ትላለህ? የአሥር ሺህ መክሊት ዕዳ የተተወለት አገልጋይ በመቶ ዲናር ባልንጀራውን አንቆ ያሰረበትን ታሪክ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። የእኛ ሀገር መቶ ዲናር ደም ነው። አባቱ የተገደለበት ልጅ ጢም ሳያወጣ ጠመንጃ እንዲያስብ ይደረጋል። እናቱ እንኳ «የአባትህ ደም ሳይመለስ» እያለች ታሳድገዋለች። የመለሰ ጀግና ይባላል፤ የተወ ፈሪ ይባላል። ከዚያ የሌላው ልጅ ተራ ይደርሳል። በዚህ ሂሳብ ስንት ቤት ተዘጋ? ስንት ማሳ ጦም አደረ?

ግን ሌላም ነገር በዚሁ ሀገር አለ። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ካህኑ መስቀል ይዞ፣ ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ግንባሩን መሬት አስነክቶ በሟች ቤተሰብ ፊት ሲወድቅ ታይቷል። ሽማግሌው «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እመቤታችን» እያለ ይለምናል። የሟች እናት ፊቷን አዙራ ትቆያለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ትንሰቀሰቃለች። ማንም አያስቸኩላትም። በመጨረሻ «ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ» ስትል፣ ካህኑ ድንጋዩን ከገዳዩ ማጅራት ላይ ያወርዳል። ያቺ ሴት መጽሐፍ አላነበበች ይሆናል፤ ወንጌልን ግን ከእኛ ከሰባኪዎቹ በላይ ፈጽማዋለች። እሷ በልጇ ገዳይ ላይ ያደረገችውን እናንተ በድንበር ጠብ፣ በቃል ስድብ፣ በእህል ብድር ላይ ማድረግ እንዴት አቃታችሁ?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ንስሐ በልብ መጨነቅ ብቻ አይደለምና እግራችሁን አንሡ። ወደ ነፍስ አባታችሁ ሂዱ፤ ኃጢአታችሁን በደፈናው «ያው እንደ ሰው» ብላችሁ አትለፉት፤ በስሙ ጥሩት። የቀማችሁትን መልሱ፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ መልሷል፣ እናንተ ያንኑ የወሰዳችሁትን እንኳ መልሱ። የገፋችሁትን ድንበር ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ድንጋዩን በገዛ እጃችሁ ወደ ቦታው አቁሙ። በሐሰት የመሰከራችሁ በመሰከራችሁበት አደባባይ እውነቱን ተናገሩ። ያገታችሁትን ሰው ዛሬ ልቀቁ። የተቀየማችሁትን ሰው እሱ ይምጣ ብላችሁ አትጠብቁ፤ እግዚአብሔር እናንተ እስክትመጡ ቢጠብቅ ኖሮ ሰው ባልሆነ ነበር። ቀኖና ሲሰጣችሁ ስግደቱን ስገዱ፣ ጾሙን ጹሙ፣ ከዚያም ሥጋውንና ደሙን ተቀበሉ።

«የእኔ ኃጢአት ከዚህ ያልፋል» ብለህ በልብህ ንስሐን የተውህ ሰው ሆይ፣ አንተንም እገሥጽሃለሁ። ያንተ ተስፋ መቁረጥ ትሕትና አይደለም፤ ኃጢአትህን ከእግዚአብሔር ፍቅር በላይ ማድረግ ነው። ከጴጥሮስ በላይ አልካድህም፤ ብትክድም እንኳ የሚጠብቅህ አንድ ነው። ይሁዳን የገደለው በደሉ ብቻ አይደለም፤ ይቅርታ አላገኝም ማለቱ ነው።

እግዚአብሔር አይለወጥም፤ የምንለወጠው እኛ ነን፤ መለወጥ ያለብንም እኛ ነን። የሚቀጥለው የደብረ ታቦር በዓል ሲደርስ ችቦ ከመለኮሳችሁ በፊት የተጣላችሁትን ሰው ቤት አንኳኩ፤ ሙልሙል ከማደላችሁ በፊት የቀማችሁትን አስረክቡ። ለዚያ ቀን መድረሳችሁን ግን ማንም ቃል አልገባላችሁም። ስለዚህ ንስሐ ግቡ፤ ዛሬ ግቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።