ነፍስህም ሐቅ አላት

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድሙን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሊዘይር ሲሄድ ባለቤቱን ራሷን ጥላ አገኛት። አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት እያሳለፈ ቤቱን ዘንግቶ ነበር። ሰልማን ካልበላህ አልበላም ብሎ አበላው፤ ሌሊት ሊሰግድ ሲነሳ አስተኛው፤ በሌሊቱ መጨረሻ ግን አብረው ሰገዱ። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም ሐቅ አላቸውና ለሁሉም ሐቁን ስጥ ሲልም መከረው። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ሲሰሙ የሰልማንን ቃል አጸደቁ። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል።

ይህን ምክር ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚሹት በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው። ብዙዎቹ ለአባት መታከሚያ፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለቤት ማደሻ እያሉ ደመወዛቸውን ሳያስቀሩ ይልካሉ። ሕመማቸውን ደብቀው ደህና ነን ይላሉ። እ.ኤ.አ ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ባዶ እጃቸውን የገቡት ብዙ ነበሩ።

አንዳንዶች «ታዲያ ኢሳር የት ሊገባ ነው? አላህ በሱረቱል ሐሽር አንሷሮችን እየተቸገሩ ሌላውን በማስቀደማቸው አወድሷቸው የለምን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አወድሷቸዋል። ነገር ግን ኢሳር ሰጪው ወዶ የሚያደርገው በጎ ሥራ ነው እንጂ ተቀባዩ እንደ ዕዳ የሚጠይቀው አይደለም። ሙሃጂሮቹ የአንሷሮችን ሀብት አምጡ አላሉም። እንዲያውም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ግማሽ ሀብት ሲቀርብለት አመስግኖ ገበያውን አሳዩኝ ነበር ያለው።

ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስም (ረ.ዐ) በጠና ታሞ አብዛኛውን ሀብቱን ሊሰድቅ ሲጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሶ በላይ አልፈቀዱለትም፤ ሲሶውም ብዙ መሆኑን ነገሩት። ሱረቱል ኢስራእም እጅን ከመቆለፍም፣ ፈጽሞ ከመዘርጋትም ይከለክላል። ስለዚህ ይህ ቃል ለንፉግ ማመካኛ አይሆንም።

እህቴ ሆይ! ላኪ፤ ግን ለመታከሚያሽና ለመመለሻሽ አስቀሪ። እናንተም ወላጆችና ወንድሞች! ከምትልከው ላይ በስሟ አስቀምጡላት። ስትደውል ስለ ብሩ ሳይሆን አስቀድማችሁ ስለ ጤናዋ ጠይቋት። እርሷ የእናንተን ሐቅ ተወጥታለች፤ የቀረው የእርሷ ሐቅ ነው።

አላህ ሐቅን ለባለቤቱ ከሚሰጡት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።