ጆሮ ሲደክም ምስጋና ይደክማልን?

ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመሃናይም በተቀመጠ ጊዜ፣ ስንቅ ይዘው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነበረ። ጦርነቱ አልፎ ንጉሡ ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ የሽማግሌውን ውለታ ለመክፈል ከእርሱ ጋር በኢየሩሳሌም እንዲኖር ለመነው። ቤርዜሊ ግን ዕድሜው ሰማንያ ዓመት መሆኑን አስታውቆ ግብዣውን አልተቀበለም። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የወንዶችና የሴቶች መዘምራንን ድምፅ መስማት አለመቻሉ ነበረ፤ በንጉሡም ላይ ሸክም መሆንን አልወደደም። ስለዚህ ከመዓም የተባለውን ወጣት በስፍራው ልኮ፣ እርሱ በወላጆቹ መቃብር አጠገብ ለማረፍ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ19ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የዚህ ሽማግሌ ትሕትና በእውነት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ታሪኩ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ጆሮው የደከመ ሰው ከዝማሬው ጉባኤ ራሱን ሊያርቅ ይገባዋልን? ጉባኤውስ በዝምታ ሊያሰናብተው ይገባልን? የሚል ነው።

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የጆሮን አሠራር መመልከት ይጠቅማል። እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት በተጠማዘዘው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገኛሉ። ድምፅን ለነርቭ የሚያስተላልፉት እነርሱ ሲሆኑ፣ በሰው ልጅ አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይተኩም። በእርጅና ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ስለ ሆነ፣ «ሰ» እና «ፈ»ን የመሰሉ ድምፆች ይደበዝዛሉ። ሽማግሌው ሰው መናገሩን ይሰማል፤ የተናገረውን ግን አይለይም። በማኅሌትም የከበሮው ምት ሲደርሰው የጸናጽሉ ረቂቅ ድምፅ ይርቅበታል። ደጋግሞ መጠየቅን ስለሚያፍር ዝም ይላል፤ ባልንጀሮቹም ዝምታውን ኩራት ወይም ጅጅት ያደርጉበታል።

ይሁን እንጂ ዜማ የሚኖረው በጆሮ ብቻ አይደለም። ዜማን በልቡ የሚያስብ ሰው አንጎል ሲመረመር፣ ድምፅን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ከውጭ አንዳች ሳይሰማ ሲሠራ ታይቷል። ቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒውን በ1824 እ.ኤ.አ. በቪየና ሲያሰማ ፈጽሞ ለመደንቆር ጥቂት የቀረው ሰው ነበረ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም የቆየ ዜማን ትዝታ የሚይዙት የአንጎል ክፍሎች፣ አልዛይመር በተባለው ደዌ ከሌሎቹ ይልቅ ተጠብቀው እንደሚቆዩ አመልክቷል። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ፣ በመቋሚያና በሽብሸባ ከአካሉ ጋር ያዋሐደ ሊቅ እንግዲህ ጆሮው ቢደክም ሀብቱ አልተወሰደበትም።

በዚህች በኢየሩሳሌም ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1984 እ.ኤ.አ. መጥተው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሲኖሩ፣ በጠባቧ ክፍላቸው ፒያኖ ነበራቸው። የድርሰቶቻቸው የኖታ መጽሐፍ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲታተም ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ተቃርበው ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው አረፉ። ዕድሜ ብዙ ነገር ቢወስድም፣ ስፍራ የተሰጠው አረጋዊ ስጦታውን እስከ መጨረሻው ሊያካፍል ይችላል።

ስፍራ ማጣት ግን ይጎዳል። የመስማት መድከም ሰውን ወደ ብቸኝነት ይመራል፤ አእምሮን ለሚያደክሙና ሊከላከሏቸው ከሚቻሉ ምክንያቶችም አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ 977 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርመራ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የመስማት እርዳታ በጠቅላላው ተሳታፊ ላይ ለውጥ እንዳላሳየ ገልጧል፤ ይበልጥ ለአደጋ በተጋለጡት ላይ ግን የአእምሮው መድከም በ48 በመቶ ቀንሷል። እንግዲህ የመስሚያ መሣሪያን ከሀፍረት የተነሣ የሚተው ሰው፣ ሀፍረቱን ትሕትና ብሎ እንዳይጠራው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የሚሰሙት ዕዳ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ደንቆሮን መስደብ የተከለከለው፣ በእግዚአብሔር ፍርሃት ታትሞ ነው። የተሰደበው ሰው ስድቡን ስለማይሰማ ሊከስስ አይችልም፤ ሰሚው ፈጣሪ ብቻ ነው። «ተወው፣ አይሰማም» ብሎ ማለፍም ከዚህ በደል እምብዛም አይርቅም። ፊትን አዙሮ በዝግታ መናገር፣ አረጋዊውን ወደ አንባቢው ቀረብ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በሚያውቀው ዜማ እንዲመራ መጋበዝ ገንዘብ አያስወጣም፤ ትዕግሥትን ግን ይጠይቃል።

ዳዊት ቤርዜሊን አላስገደደውም፤ ሳመው፣ መረቀውም። ውለታውንም አልረሳም፤ ሊሞት ሲል የቤርዜሊ ልጆች ከማዕዱ እንዲበሉ ለሰሎሞን አዘዘ። ሽማግሌው እምቢ ቢልም በንጉሡ ገበታ ያለው ስፍራ አልተዘጋም። ጆሮው የደከመ አረጋዊም ወደ ማኅሌቱ ለመግባት ወይም በዳር ለመቀመጥ ራሱ ይመርጥ ዘንድ፣ ስፍራው ሁልጊዜ ተጠብቆ ሊቆየው ይገባል።