ነፃ ያልሽውን ሂሳብ አብረን እንየው

ልጄ፣ ፌርፋክስ ላይ ያለውን የእናትሽን ምግብ ቤት ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ ልትቀይሪው እንዳሰብሽ ሰማሁ። ሐሳቡ ደግ ነው። «ነፃ ነው እኮ» ማለትሽ ግን ትንሽ አሳሰበኝ።

ማይክሮሶፍት አሁን ኮምፒውተሩ ላይ ላለው ለዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ጥገና መስጠቱን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ይቀጥልልኝ የሚል ድርጅት ለአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ በሁለተኛው 122፣ በሦስተኛው 244 ይከፍላል። ድምሩ 427 ነው። በሁለተኛው ዓመት ልግባ ብትዪ ያለፈውንም ያስከፍሉሻል። ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ በነፃ ነው፤ አሮጌ ማሽን ግን አይቀበለውም። ከሊኑክስ ወገን ኡቡንቱ ፕሮ ደግሞ ለአነስተኛ ንግድ እስከ 5 ማሽን ድረስ ያለ ክፍያ ነው፤ ጥገናውም 10 ዓመት ይዘልቃል።

እስከዚህ ልክ ነሽ። አሁን በሂሳቡ ላይ ያልጻፍሽውን ጻፊ። ከአፕዴት በኋላ የደረሰኝ ማተሚያው እምቢ ቢል ማን ይመጣል? ቅዳሜ ማታ፣ እንግዳ ቆሞ እየጠበቀ? አንቺ ነሽ። በሰፈራችን በሊትል ኢትዮጵያ የስንቱ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ የባለቤቱ ልጅ ነው! እናትሽ ስላልከፈለችሽ ብቻ ሰዓትሽ ዋጋ የለውም አይባልም። ዊንዶውስም ከዚህ አያሳርፍሽም። በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ጥገናው ሲመጣ የሚያየው፣ ሪስታርት የሚያደርገው ሰው ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው «ነገ አደርገዋለሁ» ነው። በ2017 ዋናክራይ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሲያውክ፣ ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። በዚያው ዓመት፣ ያ ክሬዲታችንን የሚመዘግበው ኢክዊፋክስ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ተዘረፈበት። ሌቦቹ የገቡት ስትረትስ በሚባል ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር ቀዳዳ ነው። መጠገኛው ወጥቶ ነበር። ሳንቲም አይጠየቅበትም ነበር። አልተጫነም። አየሽ ልጄ፣ በሚሸጠውም በነፃውም ዘንድ የጠፋው በጊዜው የሚጭን እጅ ነው።

አንቺ ይህ አያቅትሽም። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ለዚህ ሥራ ለዪ። ትምህርትሽ ሲበዛ ማን እንደሚተካሽ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ተተኪው በሰዓት የሚያስከፍል ከሆነ ያንንም ከ427ቱ አጠገብ ጻፊው። እኔን ከጠየቅሽኝ ወደ ሊኑክሱ አደላለሁ። ግን አስቀድመሽ የካርድ መክፈያው ፕሮግራም በሊኑክስ ይሠራ እንደሆነ ሻጩን ጠይቂ። አይሠራም ካለሽ ይህ ሁሉ ሂሳብ ይቀራል።