ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት ሌሊቱን አስቡ

ልጆቼ፣ የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ይፋ ከተደረገ ወዲህ ስለ ዶሮ እርባታ ያልሰማ ሰው የለም። እናንተም ጓሯችሁን አይታችሁ «እኛስ ምን ያንሰናል?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን የምትኖሩት የግመልና የፍየል አገር ውስጥ ነው። ጎረቤታችሁ ፍየሏ መታመሟን ገና ከአረማመዷ ያውቃል፤ ስለ ጫጩት ስትጠይቁት ግን ፈገግ ይልባችኋል። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

የምትኖሩባት ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። የቀኑ ፀሐይ ያታልላል፤ ሲመሽ ግን ሜዳውን እየጠረገ የሚመጣው ነፋስ ጃኬት ያስለብሳል። ጫጩት ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ፣ ላባው ሙሉ እስኪሆን ስድስት ሳምንት ገደማ ትጠብቁታላችሁ። አምፖል ደግ ነው፤ መብራት ሲጠፋስ? ሣጥን አዘጋጁና ዙሪያውን ደረቅ ጭድ ጠቅጥቁ፤ መካከሉን ለጫጩቶቹ ተዉላቸው። ከላይ አየር በሚያስገባ ጆንያ ሸፍኑት። ብርዱ ሲጠና ሙቅ ውኃ የያዘች ትንሽ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገባቸው አኑሩ። ከሰል አቀጣጥሎ ቤት መዝጋትን ግን በጭራሽ አታስቡት፤ ጫጩቱንም እናንተንም ይገድላል።

ቴርሞሜትር ባይኖራችሁ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ጠርዝ ጠርዙን ከያዙ ሞቋቸዋል። ተበታትነው የሚለቅሙ ከሆነ እናንተም ተኙ። ሲበርዳቸው ጥግ ላይ ስለሚከመሩ ከሥር ያለው ታፍኖ ይሞታል፤ በካርቶን ጥጉን አጥፉት። ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ እያነሣችሁ ቂጣቸውን እዩ። ኩስ ደርቆ ከደፈነው አትንጩት፤ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጨርቅ አለስልሳችሁ ጥረጉት። ለስንፍና የሚመች ሥራ አይደለም።

ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም ጭድ እንጂ ጋዜጣ አታንጥፉ፤ ያንሸራትትና እግራቸውን ያንጋድደዋል። የውኃው ዕቃ ጥልቀት አይኑረው፤ ንጹሕ ጠጠር ጨምሩበት፣ እንዳይሰምጡ። መኖው የጫጩት መኖ ይሁን። የፓስታና የሩዝ ትራፊ ሆድ ይሞላል እንጂ ላባ አያበቅልም። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖም ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ እዚህ እስኪደርስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በመንገድ ላይ ከሞቀ ከውኃ አይሻልም፤ ስለዚህ ስትገዙ በበረዶ መያዙን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የመጀመሪያው በሳምንት ዕድሜያቸው ገደማ ዓይናቸው ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ይበቃል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ አያድርም። ከጎረቤት ጋር ቀን ቆርጣችሁ ባንድ ላይ አስከትቡ፤ ወጪውም ይቀላል።

አሁን ደግሞ ነጋዴ የማይወደውን ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምታረቡ ከሆነ የአንድ ቀን ጫጩት አትግዙ። ርካሽ ነው፤ ግን ርካሽነቱ ሌሊቱን ሁሉ የመንቃቱን ዋጋ ለእናንተ ስለተወው ነው። 45 ቀን ገደማ የሞላው፣ ክትባቱን የወሰደ፣ ላባ ያወጣ ቄብ ይሻላችኋል። ይህን ካልፈለጋችሁ እንቁላል የምትታቀፍ የሐበሻ ዶሮ ፈልጉ፤ ከ10 እስከ 12 እንቁላል አስታቅፏት፣ በ21 ቀን ትፈለፍልላችኋለች። ማሞቁንም፣ ከጭልፊት መጠበቁንም እሷ ታውቅበታለች።

ለጥያቄ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አትፈሩት። በሐረር በኩል ስታልፉም ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዶሮ ነገር ለዓመታት የተጠናበት ቤት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ካላመጣሁ ያለ ግን ቢያንስ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ አያስገባ፤ ሣጥኑንም ጫጩቱ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሌሊት አሙቆ ይሞክረው።