ስለ ባሕር ሸረሪትና ስለ አባትነት

እኛ የይፋት ቈላ ሰዎች ባሕርን የምናውቀው በወሬና በጨው ነው። አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች ያለች የሲራራ ነጋዴ ከተማ ስለ ነበረች፥ ከታጁራ ወደብ የተነሣ ግመል በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ እርስዋ ይመጣ ነበር፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። ነጋዴዎቹ ጨውና ጨርቅ አመጡልን እንጂ በባሕሩ ውስጥ ስለሚኖሩት ፍጥረቶች አልነገሩንም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ከእነዚያ ፍጥረቶች ስለ አንዱ ጥቂት ልንገርህ።

ስሙ የባሕር ሸረሪት ይባላል። በቤታችን ጣራ ሥር ድር የሚያደራው ሸረሪት ግን አይደለም፤ የሩቅ ዘመዱ ነው። ሊቃውንት እስካሁን ከ1,300 የሚበልጡ ዐይነቶች ቈጥረዋል። ብዙዎቹ ከጣት ጥፍር አይበልጡም፤ በደቡብ ዋልታ በረዷማ ባሕር የሚኖረው ግን እግሮቹ ሲዘረጉ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሰውነቱ ሁሉ እግር ነው ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ግንዱ እጅግ ቀጭን ከመሆኑ የተነሣ አንጀቱ ቦታ አጥቶ ወደ እግሮቹ ውስጥ ይዘልቃል። ሳንባም ሆነ እንደ ዓሣ ስንጥብ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ልቡም ደካማ ስለ ሆነ፥ በ2009 ዓ.ም. የታተመ ምርምር እንዳስረዳው፥ በእግሮቹ ውስጥ ያለው አንጀት እየተኰማተረ ደሙን ያንቀሳቅስለታል። እኛ ዘንድ ሆድ ልብን ሲያሳውር እንጂ ሲያግዝ አላየንም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ አባቱ ነው። እንስቲቱ እንቁላልዋን ስትጥል ወንዱ ይቀበላትና፥ ከእግሩ በሚያመነጨው ሙጫ አጣብቆ፥ ለዚሁ ሥራ በተሰጡት ሁለት ቀጫጭን እግሮች እስኪፈለፈሉ ድረስ ተሸክሞ ይዞራል። ሁሉም ዐይነት ግን እንዲህ አያደርግም፤ ከደቡብ ዋልታ ግዙፎች አንዱ እንቁላሉን ተሸክሞ በመዞር ፈንታ ከዐለት ላይ እንደሚያጣብቅ በ2016 ዓ.ም. ተገልጧል። በእኛ ሣር ውስጥ ከምትሮጠው ሸረሪት ዘንድ ደግሞ እንቁላሉን በከረጢት የምትጐትተው፥ ልጆቹንም በጀርባዋ የምታዝለው እናቲቱ ናት።

አሁን ወደ መንደራችን ልመለስ። በልጅነቴ አንድ ጎረቤት ነበረን፤ ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። ሕፃኑን በአንቀልባ አዝሎ ገበያ ሲወጣ ወንዶቹ ማሽላቸውን መስፈር ትተው ይሥቁበት ነበር። «ተፈጥሮው አይደለም» ይሉ ነበር።

ለእነዚያ ሰዎች የባሕር ሸረሪቱን ጠቅሶ መልስ መስጠት ቀላል ይመስላል። እኔ ግን አልጠቅሰውም። እኔ ይህን ብጠቅስ ሌላው ደግሞ ባልዋን የምትበላውን ሸረሪት ይጠቅስብኛልና። ለፈለጉት ልማድ ሁሉ ከእንስሳት መካከል ምስክር አይጠፋም። ደግሞም የባሕር ሸረሪቱ ሸክሙን ለማንም ላስረክብ ብሎ አያስብም፤ ስለዚህ እደነቅበታለሁ እንጂ አላመሰግነውም። ጎረቤታችን ግን ሕፃኑን ለእኅቱ መስጠት ይችል ነበር፤ ቢሰጥም የሚወቅሰው ሰው አልነበረም።

ምናልባት አንተ፥ «እንዲህ ከሆነ እናት ልትመሰገን አይገባትም ማለት ነው፤ ለእርስዋ ተፈጥሮዋ ነውና» ትለኝ ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቸልታ ልናልፈው አይገባም። እናት ጡት መስጠትዋ ተፈጥሮ ነው እንበል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስትፈጭና ውኃ ስትቀዳ ውላ፥ በሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ደክሞኛል ሳትል የምትነሣው በተፈጥሮ ተገዳ ነውን? እርስዋም እንደ እኛ ይደክማታል፤ እንቅልፍም ይጥላታል። እንደሚመስለኝ ሥራዋን ተፈጥሮ ብለን የሰየምነው ከምስጋናውም ከእገዛውም ለመዳን ስንል ነው።

የመንደራችን ሴቶች ግን በጎረቤታችን አልሣቁም። በሌሊት ሕፃኑን ሲያባብል በሰሙ ጊዜ «እንዴት ያለ አባት ነው!» ብለው በየቤታቸው አወሩለት። እነርሱ ያንኑ ሥራ ስንት ዓመት ሲሠሩ፥ «እንዴት ያለች እናት ናት!» ያላቸው አልነበረም።