ሰብር የሚጀምረው መቼ ነው?

 

ዛሬ በዓይን ስለማትታይ አንዲት የአላህ ፍጥረት እናውራ። ባሲለስ ሰብቲሊስ ትባላለች፤ አፈር ውስጥና ድርቆሽ ላይ የምትገኝ ባክቴሪያ ናት። ምግብ ሲትረፈረፍ ትበላለች፣ ለሁለት ትከፈላለች፤ በቃ።

የሚያስደንቀው ምግቡ ሲያልቅ የምታደርገው ነው። ወዲያው አትተኛም። ኢንዛይሞችን በብዛት አምርታ ከሰውነቷ ውጭ ትለቃለች። ሰብቲሊሲን በዙሪያዋ ያለውን ፕሮቲን፣ አሚሌዝ ደግሞ ስታርቹን እየቆራረጡ ልትወስደው የምትችለው ያደርጉላታል። (ሰብቲሊሲንን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በብዙ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ እድፍ የሚያስለቅቀው የዚሁ ዘር ነው።) ከተቆራረጠው ለጎረቤቶቿም ይተርፋል።

ይህም አልበቃ ሲል ስፖር ወደ መሥራት ትገባለች። ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈጃል። እናቲቱ ሴል ልጇን ውስጧ አቅፋ፣ ሽፋን በሽፋን ላይ ደርባላት፣ በመጨረሻ ራሷ ፈርሳ ትለቃታለች። ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን እ.ኤ.አ. በ1876 እንዳሳየው ያቺ ስፖር የፈላ ውሃን ትቋቋማለች። ሳትበላ ለዓመታት ትቆያለች፤ ምግብ ስታገኝ በደቂቃዎች ውስጥ መንቃት ትጀምራለች። ሱብሐነላህ!

ባክቴሪያዋ አትመርጥም፤ ጌታዋ ባስቀመጠላት ሥርዓት ትሄዳለች። እኛ ግን እንመርጣለን፣ እንጠየቅበታለንም። ማመልከቻ ሳያስገባ፣ ደብተር ሳይገልጥ፣ አንድ ሰው ሳያማክር «ሰብር ላይ ነኝ» የሚል ወጣት ስንት ነው? ያ ሰብር አይደለም፤ ስንፍናን የዲን ልብስ ማልበስ ነው።

እናታችን ሐጀርን አስቡ። አላህ እንደማይጥላት እርግጠኛ ነበረች። ውሃው ሲያልቅባት ግን አልተቀመጠችም፤ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ዘምዘም የፈለቀው ከሮጠችበት ሳይሆን ከልጇ ዘንድ ነው። ውሃውን ያመጣው ሩጫዋ አይደለም፣ አላህ ነው። ሩጫዋ ግን ከንቱ አልቀረም፤ ሑጃጆች እስከ ዛሬ ይመላለሱበታል።

በሩን ሁሉ አንኳኩታችሁ የደከማችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ወቀሳው እናንተን አይመለከትም። እናንተ ስፖሯ ያለችበት ሰዓት ላይ ናችሁ። ዝም ማለታችሁ ሞት አይደለም፤ ሰብር የሚባለው ይኸው የእናንተው ነው።

ዛሬ ከዐስር በኋላ ዱዓእ ስታደርጉ ሥራ ፈልጎ ያጣ ጓደኛችሁን በስሙ ጥሩት። ሰኞ ደግሞ ስለ ክፍት ሥራ ከሰማችሁ ደውሉለት። ሱረቱል ከህፍንና ሰለዋትን አትርሱ።